በለቅሶ ቀን እልልታ

ባለፈው ሳምንት ከታቦር ወደ ገበያ በባጃጅ ስወርድ አንድ ቅያስ ላይ መንገድ ተዘጋብን። የእድር ድንኳን ለማድረቅ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ዝናብ ሲመታው አድሮ ኖሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ያ የእርጥብ ሸራ ሽታ ይተናል፤ ትንሽ ሻጋታ፣ ትንሽ የማገዶ ጭስ፣ ትንሽ የተረገጠ ሣር ያለበት ሽታ። ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ ይነጫነጫል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሽታውን ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ ዘወር ብሎ። «ኧረ ምንም አልሆንኩ፤ ቀስ ብለህ ዙር» አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? ሁለት ሌቦች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ንፍሮ ሲበሉ ታዩኝ ብዬ ብነግረው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት ነበር የሚወስደኝ።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ የለም፤ ያለው ጋሪ ነው። በስሙኒ ተሳፍሮ እስከ ሐይቁ ዳር መውረድ ይቻል ነበር፤ ፈረሱ ካላመፀ። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ያውም እጅ የሚሞላ ዳቦ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ የሚገዛ ሰው ከአጥማጁ ጋር ትንሽ ከተጫወተ አንድ ተጨምሮለት ይመለሳል። ስኳርና ሳሙና በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በሰልፍ ነው፤ ከሰልፉ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርግልን ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰልፉም ይረሳል። ጎረምሶቹ እግሩ መሬት የሚጠርግ ቤል ቦተም ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳሉ። ያን ሱሪ ከሚሰፉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ፤ ሰፋ ካላለ አይከፍሉም። ለሴቶቹ የፖፕሊን ቀሚስ፣ ለሠራተኛው ካኪ፣ ለሙሽራ ቴትሮን። ዛሬ ልጆቹ ተዘጋጅቶ የመጣ ልብስ ገዝተው እጅጌው ሲረዝምባቸው ያጥፉታል። ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

የስፌት መኪናዬን አባቴ ናቸው ከወላይታ በሬዎቻቸውን ሸጠው የገዙልኝ። በእግር የሚረገጥ፣ ጥቁር፣ ወገቡ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ያለው። ባለቤቴ ያን ጊዜ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልኮ ነበር፤ ደብዳቤው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ሁለት ልጆቼን የማበላው በዚያ መኪና ነው። መኪናው ከሌለ አዋሳ የምቆይበት ምክንያት የለኝም፤ ልጆቼን አዝዬ ወደ አባቴ ቤት፣ ወደ ገጠር ነው መንገዴ። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር።

የዘመኑን ፖለቲካ ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ማታ ሰዓት እላፊ እንደነበር ነው። ከመሸ በኋላ ጠመንጃ ከያዙት የቀበሌ ጠባቂዎች በቀር መንገድ ላይ ዝር የሚል የለም። ስለዚህ ሌባውም እንደ እኛው በጊዜ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ሌብነት የቀን ሥራ ሆነ። ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሰው አያጣም። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ እንኳ አንዱ ሆዴን፣ ሌላው ራሴን እያለ ይቀራል። የማይቀርበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀብር።

እድራችን የሁሉም ነበር። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ እንደ እኔ ጴንጤ የሚባለውም አንድ ድንኳን ሥር ነው የሚያለቅሰው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ጥላሁን ማለዳ ተነስተው ቅያሱን ሁሉ እየዞሩ ይነፋሉ፤ ከዚያ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሚቀበር፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ በዚያ ደረቅ ድምፃቸው ይናገራሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ከእድር ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ደግሞ ሲሞት ቀባሪ የለውም።

በአንድ ቀብር ጎረቤቴ ሙንተሃ ሬዲዮዋንና የልብስ ካውያዋን አጣች። ሙንተሃ ከባሏ ጋር ትንሽ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ ሳቋ ከሦስት ቤት ይሰማል። በሚቀጥለው ቀብር ተራው የእኔ ሆነ። ስመለስ የቤቴ በር ተገንጥሏል፣ የደንበኞቼ ጨርቅ የለም፣ መኪናዬ ደግሞ እስከ ደጃፉ ተጎትቶ ቆሟል። ከብዷቸው ይሁን ወይም የቀባሪውን ድምፅ ሰምተው፣ ጥለውት ሄደዋል። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩና መኪናውን አቅፌ አለቀስኩ። እንደሚመለሱ ገብቶኛል፤ የት እንዳለ አይተውታላ።

ከዚያ በኋላ ቀብር መሄድ አቃተኝ። መጀመሪያ ልጄ ታመመ አልኩ። ቀጥሎ ተቀጣሁ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ መጣ። ብሄድ መኪናዬን፣ ብቀር እድሬን ላጣ ነው።

አንድ እሑድ እድሩ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ተነስቼ ተናገርኩ። በዚያ ዘመን ሴት በእድር ስብሰባ ላይ ድምፅዋ ብዙም አይሰማም። አፌ ግን አንዴ ከጀመረ አያቆምም፤ ይኼ ጠባይ ዛሬም አለቀቀኝም።

«ጋሽ ጥላሁን ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ሲናገሩ የምንሰማው እኛ ብቻ ነን እንዴ? ሌባውም ጆሮ አለው! እኛው ሰዓቱን ነግረነው ቤታችንን እናስረክበዋለን።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ጥላሁን ግን ተቆጡ። «ጥሩምባዬን የሌባ ግብረ አበር አደረገቻት እኮ!» ብለው ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

እኔም ሐሳቤን ጨረስኩ። በየቀብሩ አራት ሰው በተራ ይቅርና ሰፈሩን ይጠብቅ። የቀረውም እንደቀበረ ይቆጠርለት። ደግሞ ማንም የራሱን ቤት አይጠብቅ፤ የራሱን ቤት የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ከራሱ በር አይነሳም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ሀሜሶ ቀስ ብለው ተነሱ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ ዓለሚቱ፣ መጎዳትሽ ይገባኛል። ግን ብረት ከሰው ጋር ታስተያያለሽ? ዛሬ አራት ሰው ይቅር እንላለን፤ ነገ አሥር ይሆናል። ከዚያ ሬሳውን ማን ይሸከማል? ደግሞስ ‹የእኔ ሰው ሲቀበር እናንተ ቤታችሁን ጠብቁ› የሚል ሐዘንተኛ የት አለ? አንድ አምጪልኝ፤ እሺ እላለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ማን ይላል እንዲህ? አንገቴን ደፍቼ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ይሁን እንጃ፣ የአቶ ሀሜሶ እናት ይፈልጉሻል ተባልኩ። ስማቸውን ትቶ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ትልቋ ይላቸው ነበር። አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ከመታመማቸው በፊት አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቼላቸው ነበር፤ ያን ቀን ብርድ ልብሱ ላይ ደርበውታል።

«ሀሜሶ አንድ ሐዘንተኛ አምጪልኝ አለሽ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ሐዘንተኛ ምን ያደርጋል? እኔ ሟቿ አለሁ። የእኔን ቀብር ውሰጂው።»

«ኧረ እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው! ዕድሜ ይስጥዎ!»

«ሰጥቶኛል፤ ጠገብኩ። ስሚኝ። ሰው እኔን ሊቀብር ሄዶ፣ ተዘርፎ ቢመለስ ማንን ይረግማል? ሌባውን አያውቀውም። እኔን ነው። እኔ እርግማን ይዤ አፈር መግባት አልፈልግም። አራት ሴቶች ይቅሩልኝ። ቤት ይጠብቁልኝ።»

ወዲያው ልጃቸውን አስጠሩና በሲዳምኛ ተናገሯቸው። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው ዳኛ አልጋው ጫፍ ቆመው እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው ሰሙ። ሲወጡ ዓይኔን አላዩኝም፤ ግን «እሺ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኛም ለብቻችን ተማከርን። አራታችን እኔ፣ ሙንተሃ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው ጥሩነሽና የጋሪ ነጂው ሚስት በላይነሽ ነበርን። ያስቸገረን ምልክቱ ነው። ኡኡ ብንል በለቅሶ ቀን ኡኡታን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ፊሽካ ብንነፋ ጠመንጃ የያዙት የቀበሌ ልጆች ይደርሳሉ፤ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ ደግሞ አይጠይቁም፣ ይተኩሳሉ። በእማማ ትልቋ ቀን ደም እንዲፈስ ማናችንም አልፈለግንም።

«እልል እንበላ!» አለች ሙንተሃ።

ደነገጥን። ከዚያ ተያየን። እውነትም በለቅሶ ቀን እልል የሚል ጤነኛ የለም፤ ስለዚህ አንዴ ከተሰማ የሚሳሳተው የለም። ልትስቅ አፏን ስትከፍት ጥሩነሽ በእጇ ከደነችላት።

እማማ ትልቋ ብዙም አልቆዩም። ጋሽ ጥላሁን ማለዳ ነፉ፤ ቀብሩ ከከተማ ወጣ ብሎ ቱላ፣ የዘር መሬታቸው ላይ ነው። ይህ ማለት ሰፈሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄዶ እስከ ከሰዓት አይመለስም ማለት ነው። ለሌባ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ከየገጠሩ የመጣው ለቀስተኛ ግቢውን ሞልቶ፣ ከበሮ በሚመስል የእግር ምት መሬቱን እያንቀጠቀጠ ሲያለቅስ አቶ ሀሜሶ መሃል ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አራት ሴቶች ከዚህ ይቀራሉ። እናቴ ብላለች።» ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሰው ግን ሲያልፍ ገላመጠን፤ አንዳንዱ በቁጣ፣ አንዳንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ። አንዷ ጭራሽ «ለብረት ብላ!» ብላኝ ጭነት መኪናው ላይ ወጣች። እኔ ደግሞ እማማ ትልቋን ሳልሸኝ ቀረሁ።

ሰፈሩ ጭር አለ። ድንኳኑ ውስጥ መንገድ የማይችሉ ጥቂት ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ በላይነሽ እዚያው ሆና ለተመላሹ ንፍሮ ትቀቅላለች። ጥሩነሽ ከላይኛው ቅያስ ናት። ሙንተሃ ሱቋን ዘግታ እኔ ቤት አካባቢ። እኔ ቦኖው ዘንድ፣ የውሃ መቅጃው ጋ ነኝ። ቤቴ ከጀርባዬ ነው። ዞር ብዬ እንዳላይ ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ አንገቴ እስኪደነዝዝ ፊት ለፊቴ ያለውን የሰው በር አፈጠጥኩበት። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያወጣ አፍ ይቆረጥ እያልኩ።

ድንገት እልልታው መጣ።

በሕይወቴ ብዙ እልልታ ሰምቻለሁ። የራሴን ሰርግ ጭምር። እንደዚያኛው ያስደነገጠኝ የለም። ከእኔ ቤት በኩል ነው! ባልዲዬን ጥዬ ሮጥኩ። ጥሩነሽ ከላይ፣ በላይነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ከታች።

ግቢዬ ውስጥ ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ቆመዋል። ጋቢ ለብሰዋል፤ እንደ ሐዘንተኛ አገልድመውታል። ቀጭኑ በሌላ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። የቤቴ በር ገርበብ ብሏል፣ ቁልፉ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። እኛን ሲያዩ ወፍራሙ ፊቱን ሸፍኖ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴ!» ማለት ጀመረ። ቀጭኑ ደግሞ «ከሩቅ ነው የመጣነው፤ የለቅሶው ቤት ጠፍቶን ነው» አለ። ከዚያ ግራ ገብቶት ጠየቀ። «ማነው እልል ያለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሙንተሃ። «በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው።»

ቁልፉን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ደረቷን መታች። «ወይኔ ወንድሞቼን! ከሩቅ መጥተው ቀብር አመለጣቸው!» ብላ ወፍራሙን ክንዱን ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው።

ወዲያው ገባን። ከሩቅ መጥቶ ቀብር ያመለጠው ሰው ራሱን ይጥላል፣ ፊቱን ይቧጥጣል፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ተይዞ እየተጽናና ነው ወደ ድንኳን የሚገባው። ደንቡ ነው፤ እምቢ የሚል ዘመድ የለም። በላይነሽ የወፍራሙን ሌላውን ክንድ ያዘች። ጥሩነሽ ቀጭኑን ብቻዋን ጠፈነገችው፤ ፋብሪካ የሠራ ክንድ ነው። እኔ የተሰበረውን ቁልፍ ከበሩ ነቅዬ ይዤ ጥቅልሉን ተቀበልኩ።

«ይኼ... ይኼ ለለቅሶው ያመጣነው ነው» አለ ቀጭኑ።

«እግዜር ይስጥልን፤ እኔ እይዘዋለሁ» አልኩት። ክብደቱን እጄ አወቀው። የመኪናዬ ራስ ነው! በዚህኛው ጉዞ መፍቻ ይዘው መጥተው ከእግሩ ፈትተውታል። የገዛ መኪናዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከኋላቸው ሄድኩ።

ወፍራሙ መንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ልቀቂኝ፤ አልጮህም» ይላታል።

«እንዴት ልልቀቅህ የኔ ወንድም? ራስህን ብትጎዳስ!» ትለዋለች ሙንተሃ፣ እንባዋ እየወረደ። እስከ ዛሬ እንባው የሐዘን ይሁን የሳቅ አልነገረችኝም።

ሮጠው እንዳያመልጡ የቀበሌው በር ላይ ባለ ጠመንጃዎቹ ቆመዋል። በእኛ መሃል እያለቀሱ ማለፍ ተሻላቸው። ድንኳኑ ውስጥ የሩቅ ዘመድ መሃል ነው የሚቀመጠውና አግዳሚው ወንበር መሃል አስቀመጥናቸው፤ ሽማግሌዎቹ በየጎናቸው በትራቸውን ተክለው ተጠጉ። በላይነሽ ንፍሮ አቀረበች። «ብላ ወንድሜ፣ ለቅሶ አቅም ይፈልጋል።» ቀጭኑ እየቆነጠረ በላ። ጥቅልሉንም ሰው ካመጣው እህልና ዳቦ ጎን አኖርኩት።

ከሰዓት መኪኖቹ ተመለሱ። ሰው እጁን እየታጠበ ገባ። አቶ ሀሜሶ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ትከሻቸው ወድቆ ከደጃፉ ሲደርሱ ሙንተሃ ቀረበች። «ዘመዶችዎ ከሩቅ መጥተው ይጠብቁዎታል። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም።»

አቶ ሀሜሶ ሁለቱን ትክ ብለው አዩአቸው። «ከየትኛው ወገን ናችሁ?» አሉ በሲዳምኛ። ሁለቱ ተያዩ። በአማርኛ ደገሙላቸው። ወፍራሙ ዳግም ፊቱን ሸፈነ። እኔ ጋቢውን ፈታሁት። ያ ጥቁር ብረት፣ ያ የወርቅ አበባ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አቶ ሀሜሶ መኪናዬን አዩ፤ እኔን አዩ፤ የተሰበረውን ቁልፍ ከእጄ ወስደው አገላበጡት።

«እናቴ መስፋት አትችልም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ማን ላከላት?»

መጀመሪያ ጋሽ ጥላሁን ናቸው የሳቁት። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ። ያች «ለብረት ብላ» ያለችኝ ሴት ሮጣ ወደ ቤቷ ሄዳ በሯ እንዳለ መሆኑን አይታ ተመለሰችና ጉንጬን ሳመችኝ። አቶ ሀሜሶ ሰው እንዳይማታ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉ። «በእናቴ ለቅሶ ማንም አይመታም።» ሌቦቹ እዚያው ተቀምጠው የሸጡትን ዕቃ ማን እንደገዛ ተናዘዙ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ በእግራቸው አጅበው ለፖሊስ ጣቢያ አስረከቧቸው። ካውያውና ሬዲዮው ተመለሱ። ሙንተሃ ሬዲዮውን ሱቋ ደጃፍ አውጥታ ሰፈሩን ሁሉ ስታስደንስ ሰነበተች፤ ማለት፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ።

እድሩም ሕጉን አጸደቀ። ሰፈር የጠበቀ እንደቀበረ ይቆጠራል፣ የራሱን ቤት የሚጠብቅ የለም፣ ምልክቱ እልልታ ነው። ጋሽ ጥላሁን ደግሞ ከራሳቸው ጨመሩበት። ጥሩምባቸውን ነፍተው ሟቹንና ሰዓቱን ከተናገሩ በኋላ «ሰፈር ጠባቂ እነ እገሌ!» ብለው ስማችንን ይጠራሉ። «ሌባውም ይስማ!» ብለው ደግሞ ይነፋሉ። ሌሎች ሰፈሮች መጥተው ጠይቀውን ወሰዱት። በእኛ ሰፈር ግን ከዚያ ወዲያ በቀብር ቀን በር አልተሰበረም። ባለቤቴም እግዚአብሔር ይመስገን ተመለሰ፤ ልጆቼም በዚያ መኪና ተምረው ሰው ሆኑ። ዛሬ ልጄ አጥራችን ላይ ካሜራ አስተክሏል፤ ድመት ባለፈ ቁጥር ስልኩ ይጮኻል። ይመርቀው፣ ለእኔ አስቦ ነው። የጎረቤታችንን ስም ግን አያውቅም።

ከእማማ ትልቋ ቀጥሎ የተቀበረው ከታችኛው ቅያስ የሆነ፣ ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ ሰው ነበር። ተራዬ አልነበረም። በሬን ቆልፌ፣ ነጠላዬን አገልድሜ ከሰው ጋር ወጣሁ። መቃብሩ ላይ አፈሩ ሲመለስ እማማ ትልቋ ትዝ አሉኝ። እሳቸውን አልቀበርኳቸውም፤ ቀብራቸውን ለእኔ ሰጥተው ሳላያቸው ነው የሄዱት። ማልቀስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። የሟቹ ዘመዶች እንኳ ዞረው አዩኝ፤ እንዲህ ያዘነችለት ማን ትሆን ብለው ነው። ሴቶቹ ሊይዙኝ ሲመጡ አቶ ሀሜሶ ከወንዶቹ መሃል ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ለማን እንደማለቅስ አልጠየቁኝም፤ አውቀውታል።

«አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ» አሉኝ። «ቤትሽ ሰው አለው።»